የጋሽ ዱኮ የቅዳሜ ዓይን

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ካልተሰማችሁ ቀረብ በሉ፤ ማይክሮፎኑ ይቆራረጣል፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ አገናኝ ሆኜ የሠራሁ ሰው በመሆኔ የተቆራረጠ መስመር ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። የሟች ታላቅ እኅት ነኝ። እናታችን በልጅነታችን ካረፉ ወዲህ ወንድሜን አጥቤ፣ አብልቼ፣ ቆንጥጬ ያሳደግሁ እኔ ነኝና ዜና ሕይወታቸውን ለማንበብ ከእኔ የሚቀርብ ሰው የለም። በአንቱታ ይነበባል ስለተባለ በአንቱታ አነባለሁ እንጂ፣ በቁማቸው አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ ዛሬ ቢሰሙኝ ኖሮ ምነው እትዬ አመመሽ እንዴ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እንግዲህ እጀምራለሁ፤ እዚያ ጥግ ያላችሁት ወሬውን አቁሙልኝ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ዱኮ እያለ የሚጠራቸው ወንድሜ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከእናታችን፣ ከሦስት ልጆች ሁለተኛው ሆነው፣ ከቀናቸው ቀድመው፣ አዋላጇ ገና ደረጃውን እየወጣች ሳለ ተወለዱ፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮም አንድ ቦታ ተቀምጠው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው የጨረሱበትን ጊዜ አላስታውስም። አባታችን ክር እንዲገዙ ወደ ሱቅ ሲልኳቸው፣ ሌላው ልጅ ቁራጭ ጨርቅ ለናሙና ይዞ ሲሄድ፣ እሳቸው ባዶ እጃቸውን እየሮጡ ሄደው፣ መደርደሪያ ሙሉ ከሆነው ቡኒ ክር መካከል ከሱሪው ጋር አንድ የሆነውን መርጠው ይመለሱ ነበር። አባታችንም ክሩን በጨርቁ ላይ አጋድመው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ካዩ በኋላ፣ ይህ ልጅ ዓይኑ ለብቻው ነው የተፈጠረው እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ያወሩላቸው ነበር። ሌላው ቀርቶ እኔ እንኳ ቀሚስ ስገዛ እሳቸውን ሳላስከትል ገበያ አልወጣም ነበር።

በትምህርታቸውም ሰነፍ አልነበሩም፤ ችግሩ መቀመጥ አለመቻላቸው ነበር። መምህሮቻቸው ልጁ ይገባዋል፣ ወንበሩ ግን ያቃጥለዋል እያሉ ለአባታችን ስሞታ ሲያቀርቡ ከርመው፣ ስምንተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ከነበረው ጋራዥ ገቡ። በመጀመሪያ ወለል እየጠረጉ፣ ቀጥሎም የቆርቆሮውን ጎድጓዳ የሚሞላውን ስቱኮ እየለቀለቁና በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ፣ የጣቶቻቸው ቆዳ እስኪላጥ ድረስ ከሠሩ በኋላ አለቃቸው የቀለም መርጫውን አስያዟቸው። ለማታውቁት፣ በአየር ግፊት ተረጭቶ መኪና ላይ የሚያርፈው ቀለም ዱኮ ይባላል፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ።

ሥራቸውን በደንብ ተናገሪ ብላችሁኛልና ልናገር። ተጋጭቶ የመጣ መኪና አንድ በሩ ብቻ ሲቀባ፣ አዲሱ ቀለም ፀሐይና አቧራ ከተጫወተበት ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል፣ ጠብታ በጠብታ እየቀመሙ ማዛመድ ነበር ሙያቸው። ናሙናውን በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ረጭተው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ይዘውት ደጅ ይወጣሉ፤ ከመኪናው ጎን አስጠግተው በጠዋት ፀሐይ ሳያዩ፣ አምፖል ሥር ባዩት ተማምነው አንዲት መስመር እንኳ የማይረጩ ሰው ነበሩ። ሰማዩ ደመና ከሆነም ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃሉ፤ ባለ መኪናው ቢጮህ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ያ መቀመጫ የሌለው ሰው በሕይወቱ የታገሠው ነገር ቢኖር ፀሐይን መጠበቅ ብቻ ነበር። ይቅርታ፣ የታገሡት ነገር ማለቴ ነው።

ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ባትላሜራ፣ ማለትም የተጨረማመተ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የሚያቀና ባለሙያ ሆኖ ሲወጣ፣ ሁለቱ ተጋግዘው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። አንዱ ያቃናል፣ አንዱ ይቀባል፤ ሲሠሩም ከጠዋት እስከ ማታ ይጨቃጨቃሉ፣ መዶሻህ አቧራ አስነሣብኝ ይላል አንዱ፣ ቀለምህ ሳንባዬን ጨረሰው ይላል ሌላው፣ ምሳ ሲደርስ ግን ከአንድ ሣህን ይበላሉ። ምን የመሰለ ስም አወጡ መሰላችሁ! የተጋጨ መኪና ከእነሱ ጋራዥ ሲወጣ ባለቤቱ ራሱ የትኛው ጎን ተጋጭቶ እንደነበር ይጠፋው ነበር።

ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚያው ጋራዥ ነው። ባለቤታቸው የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር ነበሩ፣ አሁንም ናቸው፤ በዚያ ዓመት ሚኒባሱ ያልተፋቀበት ጎን አልነበረውም። ሆን ብለሽ ነው ወይ ግንቡን የምትታከኪው ብለን ስንጠይቃቸው እስከ ዛሬ ድረስ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ይላሉ፤ ግንቡ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ ከጋራዡ ቀጥሎ ያለው። ተጋብተውም አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ወንድሜ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ መንገድ ላይ የቆመውን መኪና ሁሉ ይህ ተቀብቷል፣ ይህ አልተቀባም እያሉ ያስተምሯት ስለነበር፣ ልጅቷ ፊደል ሳትጨርስ የተጋጨ መኪና መለየት ችላ ነበር።

እንግዲህ ጠዋት የተሰጠኝ ጽሑፍ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፤ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ ይላል። ይህን አላነብም። የቤተሰባችን ሽማግሌዎች ስማቸው እንዳይጎድፍ፣ ሆድ ይፍጀው ብለውኛል፤ ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ከሁሉ በላይ ለምኖኛል፣ እሱ ለምን እንደሚለምነኝም አውቃለሁ። ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ጠይቄ ፈቅደውልኛል፤ ከእነሱ ወዲያ የማፍረው ሰው የለኝም። ወንድሜን የገደለው ክኒን ነው። ሐኪም ያዘዘው ሳይሆን ለመዝናኛ ተብሎ የተዋጠ ክኒን ነው። ኧረ አታንጎራጉሩ፣ ገና አልጨረስሁም!

አንጀቴን የሚያቃጥለው ይህ ነው፤ ወንድሜ የከፋቸው ሰው ቢሆኑ ኖሮ ኀዘን ገፋቸው፣ ሥራ ያጡም ቢሆኑ ችግር አስገደዳቸው ብዬ ለራሴ ምክንያት እሰጠው ነበር። እሳቸው ግን ቤታቸው ሞቆ፣ ሙያቸው ተከብሮ፣ ደስ ብሏቸው ሳለ ነው የጀመሩት። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያበቃ የጋራዡን በር ገርበብ አድርገው፣ ራዲዮኑን ከፍተው፣ ከመኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ሆነው ከወዳጆቻቸው ጋር የመጫወት ልማድ ነበራቸው፤ ከዕለታት በአንዱ መለዋወጫ ሻጩ ወዳጃቸው ትናንሽ ነጭ ክኒኖች ይዞ መጣና፣ ሱስ የለውም፣ ሰውን ቀለል ያደርጋል፣ ትላልቅ ሰዎች ሁሉ ይወስዱታል ብሎ አደላቸው። ቫይታሚን ነበር የሚሉት! ቫይታሚናችንን እንውሰድ እየተባባሉ ይስቁ ነበር። ሻጩም እዚህ አለ፤ ከግቢው አጥር ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ማፈርህ ደግ ነው፣ ግን ቀና በልና ስማኝ።

ቀለም በፀሐይ ካላዩ የማይረጩት ሰው አንድ ቅዳሜ ያን ቫይታሚን እንደዋጡ፣ ለጎረቤታችን ለጡረተኛው ዳኛ ጥቁር ሰማያዊ መኪና የሚሆነውን ቀለም ለመቀመም ተነሡ። አብረዋቸው የነበሩት እንደነገሩኝ፣ ቆርቆሮዋን አምፖል ሥር ይዘው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ሰማያዊ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ፣ እስከ ዛሬ ዕውር ነበርኩ ይሉ ነበር። ደጅ ማውጣት አላስፈለጋቸውም፤ በሩን እዚያው ቀቡት። ሰኞ ጠዋት መኪናው ወደ ፀሐይ ሲወጣ በሩ ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘ፤ ዳኛውም በሩን አይተው፣ ወንድሜን አይተው፣ እንግዲህ ይግባኝ የምለው ለማን ነው አሉ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ፣ ወንድሜም አብረው ሳቁ፣ በሩንም ፍቀው እንደገና ቀቡት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እንደ ቀልድ እናወራው ነበር፤ ወንድሜ ግን ከዚህ ተነሥተው ቀለም ቀማሚ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳቱ። የቅዳሜው ዓይኔ አታለለኝ ማለት ሲገባቸው፣ የሰኞው ዓይኔ ደከመ አሉ። ክኒኑን በዋጡበት ዕለት ቀለም ሁሉ ነፍስ ዘርቶ ሲያበራ አይተዋላ! ሰኞ ሲመጣ ቀዩ አመድ የተነሰነሰበት፣ አረንጓዴው የታጠበ ሆኖባቸዋላ! ስለዚህ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟም መርምራ፣ ዓይንዎ የጎረምሳ ዓይን ነው፣ ምንም አልጎደለውም፣ ለመሆኑ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቃቸው፣ ቫይታሚን ብቻ ብለው መለሱላት። መነጽር አላዘዘችላቸውም፤ እሳቸው ግን ከመንገድ ዳር ገዝተው አደረጉ። መነጽሩም አልረዳ ሲላቸው ሰኞም መዋጥ ጀመሩ፤ ለመዝናናት ሳይሆን ለማየት። ቀጥሎ ማክሰኞ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን የሚቆጥር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት በችኮላ ነው የምናገረው፣ ይቅር በሉኝ። እንቅልፍ ራቃቸው፤ ሲቀመጡ ይነሣሉ፣ ሲነሡ ለምን እንደተነሡ ይረሳሉ፤ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ውሸት የማያውቁት ሰው ለሚስታቸውም፣ ለእኔም፣ ለደንበኛውም መዋሸት ጀመሩ፣ ያውም በማያስዋሽ ነገር፤ ምሳ በላህ ወይ ስላቸው፣ አፋቸው ደርቆ እያየሁ፣ አሁን በላሁ ይሉኝ ነበር። የቀለም መርጫው በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ዱኮው በኮፈኑ ላይ ይወርዳል፣ ደንበኛው ይቆጣል፣ እሳቸው ደግሞ ከደንበኛው ብሰው ይቆጣሉ። ልጃቸው ክፍሏን ቢጫ እንዲቀቡላት ብትጠይቃቸው፣ ሲቀቡ ሲፍቁ፣ ሲቀቡ ሲፍቁ፣ ቢጫው ቢጫ አልሆን ብሏቸው ሰነበቱ፤ በመጨረሻ ልጅቷ አባዬ ተወው፣ ግድግዳው ደክሞታል ብላቸው ልብሷን ይዛ ወደ እኔ ቤት መጣች። የዚያን ቀን ሄጄ እንዴት እንደጮኽሁባቸው ጎረቤት ይመስክር።

ደግ ነገርም አለ፣ እሱንም መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት በባለቤታቸው ብርታት ሕክምና ገቡ፤ አልቧቸው፣ ተንቀጥቅጠው፣ ሐኪሞቹን ተሳድበው፣ በኋላም ይቅርታ ጠይቀው፣ ተዉት። ከተዉት በኋላም ዓለም ሁሉ ለረጅም ጊዜ አመድ ሆኖባቸው እንደነበር አውግተውኛል፤ ሐኪማቸው ግን አእምሮም እንደተላጠ እጅ ነው፣ ቆዳውን ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው፣ ይታገሡ ብሏቸው ነበርና ታገሡ። አንድ ጠዋት ደወሉልኝ፤ እትዬ፣ ቀዩ ተመለሰ አሉኝ። ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ገመድ ላይ የተሰጣ የሰው ሹራብ አይተው ነው፤ አንድ ተራ ቀይ ሹራብ! ስልኩን እንደያዝሁ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋራዡ ርቀው፣ ከሚስታቸው ጎን በሚኒባሱ ሲዞሩ ይውሉ ነበር፤ ልጃቸውም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደስታዬን እግዜር ያውቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡ ለቀለም መርጫው አየር የሚገፋ አዲስ ኮምፕሬሰር ገዛ። ይመረቅ ተባለ፤ ዛሬ ብቻ ተባለ፤ አንዲት ክኒን ምን ታመጣለች ተባለ። ወንድሜም ዋጡ። በኋላ ሐኪሙ አስቀምጦ እንዳስረዳኝ፣ ለብዙ ጊዜ የተወ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም፤ ክኒኑም ከሌላ እጅ የመጣ፣ ሌላ ብርቱ ማደንዘዣ የተቀላቀለበት ነበር፤ ሻጩ አያውቀው፣ ዋጩ አያውቀው፣ ክኒኑ ላይ አልተጻፈ! ወንድሜ ወንበሩ ላይ ጋደም አሉና ማንኮራፋት ጀመሩ። ወዳጆቻቸውም ሳቁ፣ ጋሽ ዱኮን ዛሬ እንቅልፍ ጣላቸው ተባባሉ፤ ታናሽ ወንድማችንም ብርድ እንዳይመታቸው ጃኬቱን አውልቆ አለበሳቸው። ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም፤ ትንፋሻቸው መውጫ አጥቶ ሲታገል ነበር። ዝም ሲሉም አሁን ደህና ተኙ ተባለ። የከንፈራቸውን መጥቆር ያየ ሰው ሲገኝም፣ አምቡላንስ ከመጥራት በፊት፣ ፖሊስ ይመጣል ተብሎ ጠረጴዛው ተጠረገ፣ ክኒኖቹ ተደበቁ፣ የሚያውቁት ነርስ በስልክ ተፈለገ፤ ነርሱም ስልኩን አላነሣም። ሆስፒታል ሲደርሱ ወንድሜ አልፈው ነበር። ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ አቆመ።

አሁንም ይህንን ነገር የምትወስዱ፣ ወይም የሚወስድ ወዳጅ ያላችሁ፣ በዚህ ቦታ መኖራችሁን አውቃለሁና ስሙኝ። የሚሻለው አለመጀመር ነው፤ የጀመረም ዛሬ ይታከም። ሰው ወድቆ ሲያንኮራፋ፣ ስሙን ጠርታችሁ ካልነቃ ግን ያን ጊዜውኑ አምቡላንስ ጥሩ። ጠረጴዛው ይቆይ! ፖሊስም ይምጣ! የታሰረ ሰው ይፈታል።

ታናሼ፣ አሁን ከአንተ ጋር ነኝ። ከሰው ጀርባ አትደበቅ። ትናንት እዚያው ለቅሶው ቤት፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከውኃው በርሜል ጀርባ ቆመህ ከኪስህ አውጥተህ ስትውጥ አይቼሃለሁ። ያቺኑ ነጯን! ምንድን ነው ብዬ ስይዝህ ማረጋጊያ ነው አልኸኝ። የወንድምህ አስከሬን ሳይነሣ፣ እሳቸውን ካለበስኻቸው ከዚያው ጃኬት ኪስ ውስጥ! በሰው ፊት አዋረድሽኝ ትለኝ ይሆናል፤ አዎን፣ አዋርጄሃለሁ፤ ተከብረህ ከምትቀበር ተዋርደህ ብትኖርልኝ ይሻለኛል። ጃኬቱን ያለበስኻቸው ወደሃቸው እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህ ነገር ግን የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ የሚወድህን ሰው አጠገብህ አስቀምጦ ስትሞት እንዳያይህ ያደርጋል። ወንድማችን የታከሙበት ቦታ ዛሬ ከሰዓት ይጠብቁናል፤ ጠዋት ደውዬ ተነጋግሬያለሁ። ከዚህ ስንወጣ ቀጥታ ወደዚያ ነው፣ እኔም አብሬህ እገባለሁ። ሚኒባሱን የሚነዱት ባለቤታቸው ናቸው፣ ራሳቸው ናቸው እነዳለሁ ያሉት። መለዋወጫ ሻጩም ከፈለገ ወንበር አለ።

ወንድሜ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ታላቅ እኅታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ድካማቸውን የሚያውቅ፣ ታግለውም ለአንድ ዓመት ያህል እንዳሸነፉ ያየ አምላክ በቸርነቱ ተቀብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸውም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን በሉ፣ ጮክ ብላችሁ በሉ።

ታናሼ፣ ከሦስታችን ቀድሜ የተወለድሁት እኔ ነኝ፤ ተራው የእኔ ነበር፣ ወንድማችን ቀደሙኝ። ሁለተኛ መቀደም አልችልም፣ አቅም የለኝም። የእኔን ዜና ሕይወት የምታነበው አንተ ነህ፤ ሌላ ወንድም የለኝም። ያን ዕለት የፈለግኸውን በለኝ፣ ጨቅጫቃ ነበረች በል፣ በሰው ፊት አዋርዳኛለች ብለህ ንገርብኝ፤ ብቻ በእግርህ ቆመህ አንብብልኝ። በል አሁን ና፤ የመድረኩ ደረጃ ለጉልበቴ ከፍ ይላል፣ ክንዴን ያዝና አውርደኝ።